ነክተሻቸው አልነበረም

ለእሙዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ብሶብን ማታ ማታ በረንዳ ላይ ነው የምናመሸው። እናትሽ ደህና ናት።

ባለፈው ስትደውዪ ያ የተርብ ቤት ተቃጠለ ወይ ብለሽ ነበር። አልተቃጠለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ችቦውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ትንሽ ልያቸው ብዬ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ቤታቸው ከሽንት ቤቱ በር በላይ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሏል። ጭቃ እንዳይመስልሽ፣ ወረቀት ነው። አንዷ የአጥራችንን አሮጌ እንጨት ስትፍቅ ጠጋ ብዬ ሰማኋት፣ ቅርጭ ቅርጭ ይላል። የፋቀችውን በምራቋ አላምጣ ጠፍጥፋ ትለጥፈዋለች። ዘንጓ ላይ ደግሞ ጉንዳን እንዳይወጣባቸው የሚያባርር ነገር በሆዷ ትቀባለች። ቀልጣፋ ሰው ስናይ «ተርብ ነው» የምንለው ለካ በከንቱ አይደለም።

ጠባቸውን ብታዪ ግን! አንዷ አባጨጓሬ ይዛ ስትመለስ ሌላዋ ትወጣባትና ጭንቅላቷን በአንቴናዋ ትቀጠቅጣታለች፣ ያቺኛዋ አንገቷን ደፍታ ዝም። ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ ሊዮ ፓርዲ የሚባል ጣሊያናዊ በፈረንጆች 1940ዎቹ ይህንኑ ተከታትሎ ጽፎታል። አለቃዋ እንቁላል ትጥላለች፣ የበታቾቹ ለምግብ ይሰማራሉ፣ ከእነሱ አንዷ እንቁላል ጣል ካደረገች አለቃዋ ትበላባታለች። ማን ከማን በላይ እንደሆነ አንዴ ከለየ በኋላ ግን ጠቡ ይበርዳል። አሜሪካ ያለ አንድ ዓይነት ተርብ ደግሞ ጓደኛውን በፊቱ ይለያል አሉ! ኤሊዛቤት ቲቤትስ የምትባል ተመራማሪ የአንዳንዶቹን ፊት በቀለም ለወጠችው፣ የገዛ ቤተሰቦቻቸው ተነሱባቸው፣ ቆይተው ግን አዲሱን ፊት ለመዱት። ይህ የወጣው በ2002 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር።

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም።

ሰባት ዓመትሽ ሳለ እዚያው በር ላይ ተነድፈሽ እየጮህሽ መጣሽ። እጅሽ ሦስት ቦታ አብጦ ነበር። «አልነካኋቸውም አባዬ» ስትዪኝ «ሦስት ተርብ ዝም ብሎ አይነድፍም፣ ነካክተሽ ነው» ብዬ ኩርኩም ጨመርኩልሽ። እናትሽ ናት ነጭ ሽንኩርት ያሸችልሽ። ባለፈው ሳምንት በሩን ሳብ አድርጌ ስዘጋው ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ክንፋቸውን ሽቅብ አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። ምንም አልነካሁም። ቤታቸው ሲናወጥ ጠላት መጣ ነው የሚሉት። ሦስት ቦታ ያበጠውም የአንዷ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የተርብ መንደፊያ እንደ ንብ ቆዳ ውስጥ ተነቅሎ አይቀርም፣ ደጋግማ ትወጋለች። ያን ቀን ያልሽው እውነት ነበር ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በሩ ጠርዝ ላይ የጎማ ቁራጭ መትቼበታለሁ፣ አሁን ሲዘጋ ድምፅ የለውም። እናትሽ «ለተርብ ብሎ በር አደሰ» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራብኛለች። ለፋሲካ ስትመጪ ለማንኛውም ቀስ አድርገሽ ዝጊው።

አባትሽ