የቆየ ፎቶግራፍ ላሚኔት አይደረግ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ «ከጣና እርጥበት ይጠበቅ» እየተባለ የቆየ ፎቶግራፍ ላሚኔት ይደረጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ፎቶ የሚታተመው የእንቁላል ነጭ በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነበር። የላሚኔት ሙቀት ሽፋኑን ይጎዳዋል፤ ፕላስቲኩም ከተለጠፈ በኋላ በደህና አይላቀቅም። ፎቶው ከተለጠፈበት ካርቶንም አይነቀል፣ ይጠቀለላል። አሲድ በሌለው ፖስታ አድርጎ፣ ከውጭው ግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል፤ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል።

ስካን ሲደረግ ግን፣ እባካችሁ፣ በቀለም ይሁን። አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ሪድ ቦንቴኩ በ1865 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ባነሳቸው አንዳንድ የእርስ በርስ ጦርነቱ ቁስለኛ ወታደሮች ፎቶዎች ላይ ጥይቱ የሄደበት መንገድ በቀይ ቀስት ተሰምሯል። በጥቁርና ነጭ ሲገለበጥ ቀዩ ከጥላው ጋር ይደባለቃል፤ የሕክምናው ፍሬ ነገር ያለው ደግሞ እዚያው መስመር ላይ ነው።

በድሮ ሐኪሞች መጻሕፍት ሽፋን ውስጥ የተለጠፈው ባለ አርማ የባለቤትነት ወረቀትም በእንፋሎት አይነሳ፤ ቀለሙ ይፈስሳል፣ መጽሐፉም የማን እንደነበር ማስረጃ ያጣል።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር