ሳይለካ ስለተቀየረው ዲናሞ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅማ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ያለ ምርመራ ስለተቀየሩ የመኪና ዕቃዎች የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ። በሐምሌ ወር ሦስት ጊዜ ወደ ጋራዥዎ የመጣችው ነጭ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ባለቤት ነኝ። መኪናዋን ያስታውሷታል ብዬ አስባለሁ፤ ከሷ ሌላ ጅማ ውስጥ አላየሁም። በ1971 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 1.4 ሊትር ናት። ሞተሯን የነደፈው ቀደም ሲል ፌራሪ ቤት ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የአባቴ መኪና ናት።

ሰኔ ላይ ቀለም ተቀባች። ከዚያ ወዲህ ባትሪ አልይዝ አለች። ጠዋት ሞተሪኖው እየደከመ ይጎትታል። ማታ መብራቷ ይደበዝዛል። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን የነገርኳችሁ ይህንኑ ነው፤ “ቀለም ከተቀባች ወዲህ ነው የጀመራት” ብዬ። አንድም ሰው መልሶ አልጠየቀኝም። መካኒካችሁ የሆነው ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን አየና “ይሄ ሞቷል” አለ። ዓመት እንኳ ያልሞላው ባትሪ ነበር። በ14,500 ብር አዲስ ገዛሁ። አሮጌው እዚያው ቀረ።

አዲሱ ባትሪ አራት ቀን ሠራ። አዲስ ባትሪ ተሞልቶ ስለሚመጣ ዲናሞው ባይሞላውም ለጥቂት ቀን መኪና ያስነሳል። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። በቃ ተስተካከለ ብዬ እናቴን ላመጣ አጋሮ ሄድኩ። ስንመለስ መሸብን። የሐምሌን ዝናብ እርስዎም ያውቁታል። ዋይፐሩም መብራቱም አብረው ይሠሩ ነበር። የቡ ሳንደርስ መብራቱ ቢጫ ሆነ። ዋይፐሩ መስታወቱ መሃል ላይ ቆመ። ሞተሩም ተንተፋትፎ ጠፋ። ከኋላችን አይሱዙ ይመጣል፣ እኛ መብራት የለንም። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። በጨለማ፣ በዝናብ፣ መንገድ ዳር ቆመች። የአካባቢው ልጆች ደርሰው መኪናዋን ገፍተው አወጡልን፤ እግዜር ይስጣቸው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ማታ ነው። የብሩ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በሁለተኛው ጉብኝት የሆነው ደግሞ ይብሳል። መኪናዋ በሌላ ባትሪ ተነሳች። ልጁ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ፖዘቲቭ ነቀለው። “ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው፣ ከጠፋ ግን ሞቷል” አለኝ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። በዚያው ዲናሞው ሞቷል ተባለ።

እባክዎ ይህን ነገር ያስቁሙት። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የድሮ መኪኖች ዲሲ ጄኔሬተር ነበራቸው፤ እሱ ዳዮድ የለውም። የእኔ መኪና ያላት አልተርኔተር ነው። ሁለቱንም ዲናሞ ስለምንላቸው ልዩነቱ ይጠፋብናል። አልተርኔተር የሚያመነጨውን ኤሲ ወደ ዲሲ የሚቀይሩት ዳዮዶች ናቸው፤ በእኔው ውስጥ ስድስት አሉ። ባትሪው ደግሞ የቮልቴጅ ዝላይን ይውጥላቸዋል። ሞተር እየሠራ ባትሪ ድንገት ከተነቀለ ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘላል፤ ዳዮድ ወይም ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ ቀን በፊት መኪናዋ ስትነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ይጠፋ ነበር። ባትሪው ተመልሶ ታስሮ ስትነሳ ግን ምልክቱ እንደበራ ቀረ። እዚያው ቆሜ አይቻለሁ፣ ተናግሬያለሁም። “ነገርኩህ እኮ፣ ሞቷል” ነው የተባልኩት። ለታደሰ ዲናሞ 19,000 ብር፣ ለሥራ 2,500 ብር ከፈልኩ።

እሱም ተገጥሞ ባትሪው አልሞላም። ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ “ዋየሪንጉ በሙሉ ይቀየር” ተባልኩ፤ በ30,000 ብር። እዚህ ላይ እምቢ ብዬ መኪናዋን ወሰድኩ።

አጎቴ ጡረታ የወጣ የአውቶ ኤሌክትሪክ መምህር ነው። ቴስተሩን ይዞ ቤት መጣ። አንድም ብሎን ሳይፈታ ቺንጊያውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። አንድ ሴንቲሜትር ያህል ገባ፤ ደህና ነው አለ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ መብራት አብርቶ መለካት ጀመረ። ባትሪው ላይ 12.3 ቮልት አገኘ። ባትሪ እየሞላ ቢሆን ኖሮ ከ13.8 እስከ 14.5 ገደማ መሆን ነበረበት። ቀጥሎ በዲናሞው መውጫና በራሱ በዲናሞው አካል መካከል ለካ። 14.6! ዲናሞው ይሠራል፣ ባትሪው ጋ ግን አይደርስም። ታዲያ የት ቀረ? ከዲናሞው መውጫ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ የጠፋው 0.2 ብቻ ነው። ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ግን 2.1 ቮልት ይጠፋል። 12.3ን፣ 0.2ን እና 2.1ን ቢደምሯቸው ልክ 14.6 ይመጣል። የቾክ ገመዱን ንካው አለኝ። ሞቆ ነበር። ኤሌክትሪኩ ደህና መመለሻ ስላጣ ከፊሉ በቀጭኗ ገመድ በኩል ይመለስ ነበር።

ችግሩ ማሳው ነው፤ ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ማለት ነው። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ የታሰረው አዲሱ ቀለም ላይ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎኑን ፈታን፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ፋቅን፣ መልሰን አሰርን። ባትሪው ላይ 14.2 መጣ። ሥራው በሙሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ለምኜ የወሰድኩትን የራሴን ዲናሞም አጎቴ ፈትቶ አየው። በውስጡ እየተፋተገ የሚያልቀው ካርቦን ገና ብዙ ይሠራል። ከስድስቱ ዳዮዶች ግን ሁለቱ ተቃጥለዋል። ያ የባትሪ ምልክት መቼ አልጠፋም እንዳለ ከላይ ጽፌያለሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ሦስት ጊዜ የተሰጠኝ ግምት ነው። ስለዚህ ለዲናሞውና ለሥራው የከፈልኩት 21,500 ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የታደሰውን ዲናሞ እመልሳለሁ። የራሴ ዲናሞ ዳዮዶች በእናንተ ወጪ ይሠሩልኝ። አሮጌው ባትሪዬም ይመለስልኝ፤ ተራግፎ እንጂ ሞቶ ላይሆን ይችላል፣ ቻርጅ አድርጌ ማስለካት እፈልጋለሁ። እስከ ነሐሴ 25 ድረስ በጽሑፍ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አለበለዚያ ጉዳዩን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። የከፈልኩባቸውን ወረቀቶች ቅጂ አያይዣለሁ።

ልጁን ግን እንዳይቀጡብኝ። እጁ ፈጣን ነው፣ ሥራውንም ይወዳል፤ መለካት ያሳየው ሰው የለም። አጎቴ አንድ ቅዳሜ መጥቶ በነፃ ሊያሳየው ፈቃደኛ ነው። ቴስተር እንኳ ባይኖራችሁ የራሱን ይዞ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር
የነጯ ፊያት 124 ባለቤት