ቁልፌን በርበሬ ጣሳ ውስጥ ለደበቀችው ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የሱሉልታን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ። ስደውል ሁሌ «ክላስ ላይ ነኝ» ስለምትይ በቴሌግራም ረጅም ደብዳቤ ልልክብሽ ነው፣ ቻይው።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋና ሻማ ስለኩስ የዚያ የኦስትሪያው የሙዚቃ ደራሲ፣ የሃይደን ሙዚቃ ትዝ አለኝ። ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነበር። እኔ ጅቡቲ መስመር ተሳቢ እነዳለሁ፣ ቤት የማድረው በወር ሦስት አራት ቀን ቢሆን ነው። ሚሌ ላይ ያሳፈርኩት አንድ የሙዚቃ መምህር ታሪኩን እያወራ እንቅልፌን አባረረልኝ፣ ሙዚቃውንም ስልኬ ላይ ጫነልኝ።

ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ የሃንጋሪ ባላባት ነው፣ ሀብቱ የትየለሌ። ሙዚቃ ሲወድ ለጉድ ነው። ራሱም ባሪቶን የሚባል በደጋን የሚመታ መሣሪያ ይጫወት ነበር፣ ከመሣሪያው አንገት ጀርባ በአውራ ጣት የሚነካ ሌላ ክር ያለው። የልዑሉ ሙዚቀኞች አለቃ የነበረው ሃይደን ለዚያ መሣሪያ ከ120 በላይ ትሪዮ (ሦስት ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ) ጽፎለታል። (እኛ ጋ መኳንንቱ በገና ይደረድራሉ እንጂ መሰንቆ ቢይዙ ጉድ ይባል ነበር።)

እ.ኤ.አ. በ1772 ልዑሉ ኤስተርሃዛ በሚባለው የበጋ ቤተ መንግሥቱ ከረመና አልመለስም አለ። ሙዚቀኞቹ ሚስትና ልጆቻቸውን አይዘንሽታት የምትባል ከተማ ትተው ነው የመጡት። ማን ደፍሮ ይናገር? ሃይደን 45ኛ ሲምፎኒውን ጻፈ። መጨረሻው ላይ ሙዚቀኞቹ ተራ በተራ ሻማቸውን እፍ እያሉ ይወጣሉ፣ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ይቀራል። ሰምና ወርቅ ነው እኮ፣ ሰሙም የእውነት ሰም! ልዑሉ ወዲያው ገባው። በማግስቱ ጓዝ ተጫነ ይባላል።

ይህን ነግሬሽ ስድስት ጧፍ ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። አንድ መሣሪያ ዝም ባለ ቁጥር እፍ ትያለሽ። መጀመሪያ ቸኩለሽ ሦስቱን ባንዴ አጠፋሽና እንደገና ጀመርን፣ እናትሽ «ቤቱን ልታቃጥሉት ነው» እያለች። ሁለቱ ሲቀሩ ጭሱ አፍንጫሽ ውስጥ ገብቶም አላስነጠስሽም፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ ነበር የምታዳምጪው።

ከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጃቸውን፣ በኋላ እማሆይ ጽጌማርያም የተባሉትን፣ በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ልከዋቸው እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። እኔ የሰጠሁሽ ስድስት ጧፍና ስፒከሩ የሚንሿሿ ስልክ ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ልወጣ ስል የመኪናው ቁልፍ የለም። ቁጣዬን ታስታውሻለሽ፣ እኔም አልረሳሁትም። እናትሽ ከበርበሬው ጣሳ አወጣችው። እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ወጥቼ መንገድ ላይ ዓይኔን ብነካው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ረዳቴ «ጋሼ ምነው?» ሲለኝ «በርበሬ ነው» አልኩት። አዋሽ ስደርስ ነው የገባኝ። ልዑሉ ባንድ ማታ የተረዳው ነገር ሁለት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ፈጀብኝ፣ ከገባኝም በኋላ ሁለት ዓመት ነዳሁ። ምን ላድርግ፣ የቤቱ ዕዳ አላለቀም ነበር።

እና አሁን አንቺ ከመስቀል ወዲህ ብቅ አላልሽም። ለፋሲካ ትመጫለሽ ወይስ? እናትሽ ዶሮውን ገዝታ ካሰረች ሳምንቷ ነው፣ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አባትሽ