ለኮሜንታተሮችም ይጨብጨብላቸው እንጂ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የስፖርት ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ ስለ ተጫዋቹ ስለ አሰልጣኙ ስለ ዳኛው ሳይቀር ትጽፋላችሁ፣ ጨዋታውን በድምፁ ስለሚያደርሰን ሰውዬ ግን ምንም የለም፣ ለምን? ሬዲዮ ላይ ያለ ኮሜንታተር እኮ ዓይናችን ነው፣ ኳሷ የት እንዳለች ማን እንደያዛት ስንት ለስንት እንደሆነ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ሁሉንም ትንፋሽ ሳይወስድ መናገር አለበት። ቢቢሲ በፈረንጆቹ 1927 የአርሰናልና የሼፊልድ ዩናይትድን ጨዋታ በሬዲዮ በቀጥታ ሲያስተላልፍ አድማጩ ግራ እንዳይገባው በቁጥር የተከፋፈለ የሜዳ ካርታ መጽሔት ላይ አትሞ ነበር፣ ጎበዝ ኮሜንታተር ግን ካርታውን ጭንቅላታችን ውስጥ ይስልልናል።

አሜሪካዊው ቪን ስከሊ ከ1950 እስከ 2016 የዶጀርስ የተባለውን ቡድን የቤዝቦል ጨዋታ አስተላልፏል፣ 67 የውድድር ዘመን በሉት! ሰው ስታዲየም ገብቶ በዓይኑ እያየ እንኳ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ እሱን ያዳምጥ ነበር። በ1974 ተጫዋቹ ሃንክ አሮን 715ኛውን ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ አሻግሮ መምታት ማለት ነው) መትቶ ክብረ ወሰን ሲሰብር ደግሞ ስከሊ ምንም ሳይናገር የሕዝቡን ጩኸት አሰማ። ዝም ማለት ራሱ ችሎታ ነው፣ የዘንድሮዎቹ አንዳንዶቹ (ሁሉንም አላልኩም) ጎል ገብቶም ስለ ዝውውር ምናምን ያወራሉ።

የራስን ክለብ ለዓመታት የሚያስተላልፉት ደሞ በቃ ልዩ ናቸው፣ ልጁን ከታዳጊ ቡድን ጀምሮ ስለሚያውቁት ጎል ሲያገባ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ስንሸነፍም አይዋሹንም። እና እባካችሁ አንድ ገጽ ስጧቸው፣ በሕይወት እያሉ ኢንተርቪው አድርጓቸው።

አንድ አድማጭ ነኝ