ዘይቱ መቼ ተቀየረ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

አራት ኪሎ የምኖር የ67 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ ሳምቡሳ ካልገዛሽልኝ ብሎ አስቸገረኝ። ቀኑ የጾም፣ ሳምቡሳውም የምስር ስለሆነ እሺ አልኩት። ተራ ስንጠብቅ ዓይኔ መጥበሻው ላይ አረፈ። ዘይቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መስሏል። ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?» አልኳት ሻጯን።

«እማማ፣ እኛ አንቀይርም። ሲያንስ እንጨምርበታለን።»

አልዋሸችኝም። ደግሞስ እኔ ማን ሆኜ ነው የምቆጣት? ዓሣ የጠበስኩበትን ዘይት አጥልዬ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ። በዚህ ዋጋ ዘይት የሚደፋ ማን አለ?

ማታ ለልጄ ነገርኳት። የምግብ ሳይንስ ነው የተማረችው። ዘይት ደጋግሞ ሲግል ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ቶሎ መጨስ ይጀምራል አለችኝ። አዲስ ቢጨመርበትም አሮጌው አዲሱን ቶሎ ያበላሸዋል። በአውሮፓ ብዙ አገሮች ለመጥበሻ ዘይት ገደብ አላቸው። ሲግል የሚበዙት ፖላር የሚባሉ ውህዶች እንደየአገሩ ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲያልፉ ዘይቱ ይወገዳል። መለኪያ መሣሪያም አለው።

ልጅ ሳለሁ ጥብስ ነገር ብርቅ ነበር። መክሰሳችን ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሲገኝ ንፍሮ ነው። ምግባችን ንጹሕ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። አባቴ ቁርጥ ወዳድ ነበርና በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። ያን ቀን ቤት ውስጥ ደፍሮ የሚያናግረው አልነበረም! ግን ትሉ ከጥሬ ሥጋ እንደመጣ ያውቃል፤ መድኃኒቱንም ያውቃል። የዘይቱ ጣጣ ግን በማግስቱ አይታይም፤ ኮሶም የለውም።

ዛሬ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ ቺብስ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ሳይሸታችሁ አታልፉም። የተማሪው ምሳ ይኸው ነው። ሕግ የለም አልልም፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለጤና የማይስማማ ምግብ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የብስኩት ፓኬት ላይ እንኳ የሚያበቃበት ቀን አነባለሁ። መጥበሻው ላይ ግን ምን ላንብብ?

ስለዚህ ተቆጣጣሪዎችን አንድ ነገር ልለምን። ፈቃዱንና ነጭ ጋዋኑን ካያችሁ በኋላ ወደ መጥበሻው ጎንበስ በሉ። ዘይቱ የተቀየረበት ቀን ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ጠመኔ ይበቃል። የተደፋውን ዘይት ደግሞ ለሳሙና ሠሪዎች የሚሰበስብ ቢኖር ልጅቷም ጥቂት ሳንቲም ታገኝበታለች። መቅጣት ብቻውን ወደሌላ ጥግ ነው የሚያሸሻት።

ሳምቡሳው ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ልጁ ሁለት በላ፤ አንዱን ደግሞ እኔ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ