ስለ ኮማንዶ የተጻፈ ሁሉ አይነበብም

ክቡር አዘጋጅ፣

የጋዜጣችሁን የመጻሕፍት ገጽ ሳላነብ አላልፍም። ሰሞኑን ስለ ኮማንዶዎችና ስለ ልዩ ዘመቻዎች የሚተርኩ መጻሕፍትን እንድናነብ ጋብዛችሁን ነበር። ግብዣው ደስ ብሎኛል። እዚህ ደሴ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። መጽሐፍ በእጁ አይነካም የሚባል ተማሪ እንኳ የኮማንዶ ታሪክ ካገኘ ሲያነብ ያድራል። ስለዚህ ነገሩን አቅልዬ አላየውም። ዝርዝራችሁ ላይ ግን አንድ ነገር ጎድሎብኛል። የትኛው መጽሐፍ ለምን እንደተመረጠ አልነገራችሁንም። በዚህ ዘርፍ ደግሞ ከፍሬው ገለባው ይበዛል።

የሚበዛበት ምክንያት ሥራው ምስጢር መሆኑ ነው። አንድን ትልቅ ውጊያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያየዋል። አንዱ ቢያጋንን ሌላው ያርመዋል። የልዩ ኃይል ዘመቻ ግን ጥቂት ሰዎች በሌሊት ሄደው የሚፈጽሙት ነው። ሰነዱ ለዓመታት ይቆለፍበታል። እስኪከፈት ድረስ ገበያው ላይ የሚገኘው ተመልሶ የመጣው ሰው የተናገረው ብቻ ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ነው፤ ስለ አንድ ዘመቻ በማግስቱ የተጻፈውና ከሃያ ዓመት በኋላ የተጻፈው አንድ አይደሉም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ኤስ.ኤ.ኤስ. የሚባለው የእንግሊዝ ልዩ ጦር ስምንት ሰዎች ያሉት አንድ ቡድን ወደ ኢራቅ በረሃ አስገባ። የሬዲዮ መጠሪያው ብራቮ ቱ ዜሮ ነበር። ቡድኑ ተነቃበት። ሦስቱ ሞቱ፣ አራቱ ተማረኩ፣ አንዱ ብቻ ለቀናት በእግሩ ተጉዞ ሶሪያ ገባ። ከተረፉት ሁለቱ በብዕር ስም መጽሐፍ ጻፉ። የሁለቱም መጽሐፍ እንደ ጉድ ተሸጠ። ግን የአንዱና የሌላው ወሬ አይገጥምም። ቆይቶ፣ ራሱም በዚያው ጦር ውስጥ ያገለገለ አንድ ጸሐፊ ቦታው ድረስ ሄደ። ቡድኑን በዓይናቸው ያዩትን የበረሃ ሰዎች አነጋገረ። እነሱ የነገሩት፣ ብዙ ጠላት ተረፈረፈ ተብሎ ከተጻፈው ውጊያ ጋር የሚገናኝ አልሆነም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት አታንብቡ አልልም። ብርዱን፣ ጥሙን፣ የሬዲዮውን እምቢ ማለት እዚያ ከነበረ ሰው በላይ የሚነግረን የለም። ግን የአንድ ሰው ምስክርነት መሆናቸው ተነግሮን እናንብባቸው። ሦስተኛው ባይጻፍ ኖሮ የኢራቁ እረኛ ምን እንዳየ ማንም አይጠይቅም ነበር።

ሁለተኛው መመዘኛዬ መጽሐፉ ስለ ውድቀት ያወራል ወይ የሚለው ነው። ድል ብቻ የሚቆጥር የኮማንዶ መጽሐፍ ብዙ አያስተምርም። ኤስ.ኤ.ኤስን ዴቪድ ስተርሊንግ የሚባል ወጣት መኮንን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በሰሜን አፍሪካ ሲመሠርተው የመጀመሪያው ዘመቻ ፍጹም ውድቀት ነበር። በኖቬምበር ወር፣ በኃይለኛ ማዕበል ውስጥ በፓራሹት ዘለሉ። ነፋሱ በየበረሃው በተናቸው። ከሃምሳ ከሚበልጡት የተመለሱት ከግማሽ በታች ናቸው። አንድም የጠላት አውሮፕላን አላወደሙም። ሌላ ቢሆን ጦሩ በዚያው ይበተን ነበር። እነሱ ግን ፓራሹቱን ትተው፣ በረሃውን እንደ እጃቸው መዳፍ ከሚያውቁት የበረሃ ቃኚዎች ጋር በመኪና መሄድ ጀመሩ። እነዚያ ቃኚዎች በራልፍ ባግኖልድ የተቋቋሙ ነበሩ። ባግኖልድ ከጦርነቱ በፊት ሰሃራን በመኪና ሲያስስ የኖረ ሰው ነው፤ በአሸዋ ላይ በፀሐይ ኮምፓስ አቅጣጫ መያዝን ለራሱ ፍላጎት ብሎ ነበር የተማረው። ኤስ.ኤ.ኤስ. በዚያው ዲሴምበር የጠላት አውሮፕላኖችን ማረፊያቸው ላይ እንዳሉ ማጋየት ጀመረ። ጥሩ መጽሐፍ የመጀመሪያዋን ሌሊት አያልፋትም። መጥፎው ግን ከድሉ ይጀምራል።

የአሜሪካኖቹም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 ቴህራን የታገቱ ዜጎቻቸውን ሊያስፈቱ ስምንት ሄሊኮፕተሮች ላኩ። ለሥራው ቢያንስ ስድስት ያስፈልጉ ነበር። በአሸዋ አውሎ ነፋስና በብልሽት ምክንያት በረሃው መሃል ለጉዞ ብቁ ሆነው የተገኙት አምስት ብቻ ናቸው። ዘመቻው ተሰረዘ። ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከአንድ የጭነት አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩ ተመረመረ። የየጦሩን ልዩ ኃይሎች በአንድ ዕዝ ሥር ያደረገው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣውም ከዚህ ውድቀት በተገኘው ትምህርት ነው። ተማሪዎቼ ስለ አሜሪካ ኮማንዶዎች ከፊልም ያገኙት ወሬ ብዙ ነው። ይህችን የአሸዋ አውሎ ነፋስና የሄሊኮፕተር ቆጠራ ታሪክ የሰማ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ዘርፍ ከታወቁት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በእኛው አገር ነው። በዝርዝራችሁ ውስጥ ግን የለም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ገቡ። ከዚያ በፊት በሻለቃነት ደረጃ ብዙም የማይታወቀው፣ በስሙ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ያለው የእንግሊዝ መኮንን ዊንጌት፣ ጌዴዎን የሚል ስም የሰጠውን ጦር ይዞ ጎጃም ውስጥ ዘመተ። መደበኛው ጦር ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው የሱዳን ወታደርና በስደት የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ነው። ፊት ለፊቱ የነበረው የጣሊያን ጦር በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። በሌሊት እየመቱ፣ ብዙ መስለው እየታዩ፣ ምሽጉን አንድ በአንድ አስለቀቁት።

እዚህ ላይ መጽሐፍን ከመጽሐፍ የምለይበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግመሎቹን እፈልጋለሁ። ጦሩ ስንቅና ጥይቱን የጫነው ከሱዳን ቆላ በመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። ግመሎቹ ዳገቱን፣ ብርዱንና የደጋውን ግጦሽ አልቻሉትም። አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። ያን መንገድ ተከትሎ የመጣ ሰው በሬሳቸው ግማት ብቻ ጦሩ ያለፈበትን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። ግመሎቹን የሚያነሳ ጸሐፊ ስንቅ እንዴት እንደደረሰ፣ ለምን እንደዘገየ፣ የአካባቢው ገበሬ ምን እንዳበላቸው ሊያስብ የተቀመጠ ሰው ነው። ዊንጌት ጢሙን እንዴት እንዳሳደገ ብቻ የሚነግረኝ ጸሐፊ ግን ጊዜዬን ይወስድብኛል።

ሌላው አርበኞቹ ናቸው። አንዳንድ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የጎጃምን አርበኛ መንገድ መሪ አድርገው ያልፉታል። እነ በላይ ዘለቀ ግን ዊንጌት ጎጃምን ሳይረግጥ በፊት ለዓመታት ጣሊያንን ከተማ ለከተማ አስቀምጠው፣ ገጠሩን ነፍገውት ኖረዋል። ትንሹ ጦር ትልቅ ሥራ የሠራው ገጠሩ አስቀድሞ በአርበኛ እጅ ስለነበረ ነው። ይህን የማይል መጽሐፍ ግማሽ መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመቻ ውስጥ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲገርም ነበር። እሱ ኋላ ሰሜን አፍሪካ ሄዶ ኤስ.ኤ.ኤስ.ን ተቀላቀለ። ልጆቻችን በጉጉት የሚያነቡለት ጦርና የጎጃም ተራራ እንዲህ በአንድ ሰው ሕይወት ይገናኛሉ።

የእኛ አካባቢስ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ያልወጣ ወሎዬ የለም። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን መድፉን ከፍታው ላይ ደርድሮ የጠበቀው ያንን መንገድ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ እዚያ ለቀናት ተያዘ። ከጦሩ ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ አርበኞች ተሰልፈው ተራራ ለተራራ ተዋጉ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን ተያዘች፤ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ የጠላት ወታደርም ተማረከ። ጦሩ ከዚያ ወደ አምባላጌ ገሰገሰ። በእርግጥ ይህ ሁሉ የኮማንዶ ሥራ አይደለም፤ መደበኛ ጦርና መድፍ ያለበት ውጊያ ነው። ግን የአካባቢውን ገደል የሚያውቁ ቀላል ተዋጊዎች ከትልቅ ጦር ጋር እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ የሚፈልግ ወጣት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከመስኮቱ ውጭ ይታየዋል።

ስለ ሌላው ወገን ደግሞ አጭር ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1993 ሞቃዲሾ ላይ ሁለት የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ተመትተው ወድቀው 18 የአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ። ስማቸውን ከነትውልድ ከተማቸው ታገኛላችሁ። በዚያው ቀንና ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ሞተዋል። የእነሱን ስም ግን ብዙዎቹ መጻሕፍት አያውቁትም። ሶማሌዎቹን አነጋግሮ የጻፈ ካለ እሱን አስቀድሙልን። ጎረቤቶቻችን ናቸው።

አሁን ገበያውን እንይ። ፒያሳ መንገድ ዳር ቆሜ ተማሪዬ ሊገዛው ያነሳውን አንድ መጽሐፍ አብረን አገላበጥን። ሽፋኑ ላይ ጭንብል ያጠለቀ ሰውና ሄሊኮፕተር አለ። የውስጥ ገጹ ላይ ትርጉም ይላል፤ የተርጓሚው ስምም አለ። መጀመሪያ ማን ጻፈው? የለም። መቼ? የለም። በምን ቋንቋ? እሱም የለም። መሃል ላይ በካርታው እንደምንመለከተው የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘን። ካርታ ግን ከዳር እስከ ዳር ብንፈልግ የለም። የአንዱ አዛዥ ስም በሁለት ገጽ ልዩነት በሁለት ዓይነት ተጽፏል፤ ልጁ ሁለት ሰው መስሎት ነበር። ምዕራፍ እንደተዘለለ ማንም ያውቃል። ይህ ነው ያናደደኝ። አንድ ተማሪ ከምሳው ቀንሶ ያጠራቀመውን ብር ለተቆራረጠ መጽሐፍ ይከፍላል። በቴሌግራም በነጻ የሚዞረው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።

ተርጓሚዎቻችንን አከብራለሁ። እነሱ ባይኖሩ ይህ ታሪክ በአማርኛ አይነበብም። የምለምናቸው ቀላል ነገር ነው። የዋናውን ጸሐፊ ስምና መጽሐፉ የወጣበትን ዓመት ጻፉ። ካሳጠራችሁ አሳጥረናል በሉ። ካርታውን አትጣሉት። ያለ ካርታ የዘመቻ ታሪክ ምኑ ይነበባል?

ሌላው የቀረብን የራሳችን ምስክርነት ነው። ደብረ ዘይት የሠለጠኑ የቀድሞ አየር ወለዶች ዛሬ በየከተማው ጡረታ ላይ ናቸው፤ ደሴና ኮምቦልቻም አሉ። በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ጊዜ ጦር በሄሊኮፕተር ከተራራው ማዶ ሲሰፍር ያዩ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። የጄኔራሎች ትዝታ በመጠኑም ቢሆን ታትሟል። የበታች ሹማምንቱ ግን አልተጻፈም። ልጆቻቸው በስልክ እንኳ ቢቀዷቸው ለነገ ጸሐፊ ስንቅ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነትን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ከተሞች አይደሉም። በ2014 ዓ.ም. ደጃችን ድረስ መጥቶ አይተነዋል። ከተማሪዎቼ መካከል ከቤቱ የተፈናቀለ አለ፤ ሰው የሞተበት አለ። ጦርነትን እንደ ኳስ ጨዋታ የሚተርክ መጽሐፍ ለእነሱ ስሰጥ እጄ ይከብደኛል። ከተኩሱ በኋላ ስለ ቆሰለው፣ ስለ ተማረከው፣ ልጇን ስለምትጠብቀው እናት ጥቂት ገጽ የሚሰጥ መጽሐፍ ግን ደጋግሜ አውሳለሁ።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። መጽሐፍ ስታስተዋውቁ የዋናውን ጸሐፊ፣ የወጣበትን ዓመትና ጸሐፊው እዚያ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን አብራችሁ ጻፉልን። በሚቀጥለው ሚያዝያ 18 ደግሞ ስለ ኮምቦልቻው ውጊያ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡን። ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ኮምቦልቻም ደሴም አሉ። ቃላቸውን ለመሰብሰብ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔና የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ተማሪዎች ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ