የአይሲቲ ክበባችን ዘንድሮ

ክበባችን 17 አባላት ነበሩት። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እንሰበሰባለን፣ መብራት ካለ። ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ጽሑፍ አትመናል፣ የሚኒ ሚዲያውን ኮምፒውተር ፎርማት አድርገናል። እሱን በዚህ ልለፈው።

ዓመቱን የበላው ሜይንፍሬም ነው፤ ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ግዙፍ ኮምፒውተር። ፍኖተ ሰላም ላይ ሜይንፍሬም ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። ማሽኑማ የለንም። እሱን የሚያስመስል ሶፍትዌር (ኢሙሌተር) ጭነን ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስነሳንበት። እስኪነሳ ቡና አፍልቶ መጠጣት ይቻላል።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ፕሮግራም ስክሪን ላይ የሚጽፈው ራሱ ነው?» አለችኝ። ራሱ አይደለም፤ ከርነሉን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስተዳድረውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ይለምናል። ልመናው ሲስተም ኮል ይባላል። አይቢኤም በ1964 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገው ሲስተም 360 ሜይንፍሬም ጀምሮ፣ ልመናው የሚቀርበው ኤስቪሲ በሚባል የ2 ባይት ትዕዛዝ ነው። አንዱ ባይት ትዕዛዙ ነው፤ ሌላው የጉዳዩን ቁጥር ይይዛል።

በዕቃ ቤታችን መስኮት አስመስለን ተጫወትነው። ፕሮግራም የሆነው ልጅ ቁጥር ይናገራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ማሽኑ ፕሮግራሙ የት እንደደረሰና ምን ሥልጣን እንደነበረው፣ ማለትም ፒኤስደብሊውን፣ የታወቀ የሜሞሪ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ከርነሉ ቀድሞ ያዘጋጀውን ሌላ ፒኤስደብሊው አንስቶ በከርነሉ ሥልጣን ይቀጥላል። ጉዳዩ ሲያልቅ የቀድሞው ይመለሳል። ልጆቹ የወደዱት ይህንን ነው፦ ፕሮግራሙ ቁጥር ይመርጣል፤ በሩን ግን አይመርጥም።

ከዚያ «ሰላም» የሚል ፕሮግራም በአሴምብሊ፣ ለማሽኑ ትዕዛዞች ቅርብ በሆነው ቋንቋ፣ ጻፍን። በዚህ ሊኑክስ ላይ የመጻፊያው ቁጥር 4 ነው። ቃሉ 3 ፊደል ስለሆነ የጽሑፉን ርዝመት 3 በሉት አልኳቸው። «ሰ» ብቻ ወጣ። ኢሙሌተሩን ጠረጠርን፣ ኪቦርዱን ጠረጠርን፣ ሁለት ዓርብ አለቀ። አንዱ ልጅ ዝም ብሎ 3ን 6 አደረገው፤ «ሰላ» መጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ አንድ የኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ደንብ 3 ባይት ይወስዳል፤ ከርነሉም የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። 9 ሲሆን «ሰላም» ሙሉ ወጣ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አምኛለሁ።

መጨረሻ ላይ «አንድ ባይት ከ255 አያልፍ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሲስተም ኮልስ?» ብለው ያዙኝ። ኤስቪሲ 0 ይባልና ቁጥሩ ሬጅስተር 1 በሚባል የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ልንሞክረው ስንል ፈተና ደረሰ። የጀመሩት ፋይል መስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። አደራ፣ ክረምት ላይ ማንም ፎርማት እንዳያደርገው።